አትባሺ ላይ የበሰለው ሜሎን

ምራቴ ኦይዲን ሜሎን እዘራለሁ ብላ የተነሳች ዕለት ሳቅሁባት። ዞር ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ ነው የሳቅሁት። እኛ ተራራ ላይ የምንኖር አትባሺዎች ከብት እናውቃለን፣ ሣር እናውቃለን፣ ድንችም አላህ ሲፈቅድ ከመሬት እናወጣለን። ከዚያ ያለፈ ነገር እዚህ አይሞከርም። ነሐሴ ሳያልቅ ውርጭ የሚመታው አገር፣ ፀሐይ በሚበረታበት በሐምሌ እንኳ ጠዋት ጠዋት ካፖርት ደርበን ፈረስ የምናልብበት አገር፣ ሜሎን!

«ላም አለኝ በሰማይ ነው ያንቺ ነገር» አልኳት።

«ገመድ ከተገኘ ትወርዳለች እማማ» አለችኝ፣ ዘር የተከለችባቸውን የእርጎ ኩባያዎች መስኮቱ ላይ እየደረደረች።

ምራት ስታመጡ ምላሷን ቀድማችሁ እዩ ብዬ ሰው እመክራለሁ። የእኔዋ ግን እጇ ከምላሷ ስለሚፈጥን ዝም ብያት እኖራለሁ።

ኦይዲን የሱዛክ ልጅ ናት። ሱዛክ ከተራሮቹ ወዲያ፣ በመኪና አንድ ሙሉ ቀን ተሂዶ የሚደረስበት ቆላ ነው። አባቷ ማማሳዲክ ዕድሜውን ሙሉ ሜሎን ሲያበቅል የኖረ ኡዝቤክ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ አሽትቶ የማን ማሳ እንደሆነ ይናገራል ይባላል። ልጄ ኤርኒስ ደግሞ የመንገድ ግሬደር ይነዳል። አንድ በጋ በካዛርማን በኩል ያለውን የተራራ መንገድ እየጠረገ ሱዛክ ወረደና፣ ሜሎን ልግዛ ብሎ ልጅ አይቶ መጣ። ሜሎኑን እዚያው ረስቶት ነው የተመለሰው።

ሽማግሌ ላክን። ባሌ ሳጊምባይ አብሮ ሄዶ ነበር። ማማሳዲክ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ከፊቱ ያለውን ዳቦ ቆረሰና እህል ይዞ ማለ። «ልጅቷ ከወደደች ውሰዷት። ግን ፀሐዩ ሜሎን ማብሰል ያቃተው አገር ልጄን እንዴት አድርጎ ያኖርልኛል? እናንተ ጋ የበቀለ፣ እናንተ ጋ የበሰለ ሜሎን በአፌ እስክቀምስ ድረስ ጣሪያችሁ ስር አልገባም!» አለ። ሽማግሌዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰውየውም የተናገረውን መልሶ የሚውጥ ዓይነት አይደለም።

ሠርጉ ላይ አልመጣም። የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ እናትየዋ ብቻዋን ሩዝና ዘቢብ ተሸክማ መጣች። ሁለተኛዋ ስትወለድም እንደዚያው። እሱ ስልክ ይደውላል። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ እኔ ካለሁበት ይሰማኛል፤ «ደህና ነሽ? ልጆቹስ? በይ ደህና ሁኚ።» ኦይዲን ስልኩን ከዘጋች በኋላ የታጠበውን ስኒ ሁሉ እንደገና ታጥባለች።

«ስኒውን ቆዳውን ልትገፊው ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አባቴ ቤቴን አያውቀውም እማማ» አለችኝ። ቀና አላለችም። «ልጆቼ የት እንደሚተኙ አያውቅም። ሻዬን የት ቁጭ ብዬ እንደምጠጣ አያውቅም። ሰው ልጁ የምትኖርበትን ቤት ሳያየው ሊሞት ነው?»

ነገሩ የሜሎን ጉዳይ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ያን ቀን ማሾፌን ተውኩ። ያን ቀን ብቻ።

የመጀመሪያው ዓመት ጥፋት የሳጊምባይ ነበር። ኦይዲን፣ ሜሎን እግሩ ሊሞቀው ይገባል ብትለው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ትኩስ የፈረስ ፋንድያ እስከ አፉ ሞላበት። ፋንድያው ውስጥ ለውስጥ ጋለና ችግኞቹ ተቀቅለው ቀሩ። በሁለተኛው ዓመት ፋንድያው ከርሞ፣ በርዶ፣ አፈር ለብሶ ጠበቀን። ችግኞቹም አማረባቸው፤ አበቡ። ከዚያ አበባቸውን አራግፈው ቁጭ አሉ። የእኛ አገር ንብ ሰነፍ ነው፤ ትንሽ ከነፈሰ ከቤቱ አይወጣም።

በሦስተኛው ዓመት ኦይዲን ንብ አልጠበቀችም። ወንዱን አበባ ትቆርጥና ቅጠሉን ገልብጣ ሴቷ አበባ ላይ ቀስ አድርጋ ታሻሸዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ «ሽማግሌ ሳይላክ ነው?» እላታለሁ።

«እርስዎ አሉልን አይደል? ይመርቁልን እንጂ» ትለኛለች።

መረቅኋቸው። ምን ላድርግ።

የተተከሉት በቤታችን ደቡብ ግድግዳ ስር ነው። የጭቃ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ይሰጣል። በላያቸው ደግሞ አሮጌ የመስኮት መስታወት አጋድማ ትከድናቸዋለች። ይሁን እንጂ የአትባሺን ብርድ መስታወት አይመልሰውም። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣ ብል፣ እናቷ ለሠርጓ የሰፋችላትን የሐር ፍራሽ መስታወቱ ላይ ስታነጥፍ አገኘኋት። ደሜ ፈላ።

«አንቺ! የሙሽራ ፍራሽ ለቅጠል?»

«ሌላ ወፍራም ነገር የለኝም እማማ።»

«ያንቺ ባይኖርስ የእኔ የለም?»

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔም አላውቅ። ከሣጥኑ ላይ የድንኳናችንን ልባስ አወረድኩ። ልባሱ እናቴና አክስቶቼ የበግ ጠጉር እያረጠቡ፣ እየጠቀለሉ፣ እየረገጡ የሠሩት የጣት ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ተራራው ግጦሽ ላይ በሐምሌ በረዶ ሲጥልብን ልጆቼን ያሞቀልኝ እሱ ነው። ሁለታችን ተሸክመን ሜሎኖቹን አለበስናቸው። ከዚያን ዕለት ወዲህ ማታ ማልበስ፣ ጠዋት መግለጥ የእኔ ሥራ ሆነ። ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ወሰድኩት። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች፣ «ዙራካን፣ በዚህ ዕድሜሽ ከዚያ ስር ማንን ነው የምታሳድጊው?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ፍሬ የያዘው አንዱ ግንድ ብቻ ነው፤ ኦይዲንም ከፍሬዎቹ አንዱን ብቻ አስቀረች። መጀመሪያ የዶሮ እንቁላል አከለ፣ ቀጥሎ ቡጢ አከለ፣ ነሐሴ ሲጋመስ የሕፃን ልጅ ጭንቅላት የሚያህል ክብ ነገር ሆነ። ዘሩ ትንሽና ቶሎ ደራሽ የሚባለው ዓይነት ነው። ቢጫ መሆን ጀመረ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልባሱን ስገልጥ ሽታው ፊቴን መታኝ። እዚያው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከገበያ የመጣ ሜሎን በልቻለሁ፤ ከደጄ አፈር እንዲህ ያለ ሽታ ይወጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አፈሬን እንደናቅሁት ገባኝና አፈርኩ።

ኦይዲን ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ቢጫ ሆኗል።»

«ዱባም ቢጫ ይሆናል» አለ ወፍራሙ ድምፅ።

«ይሸታል።»

«ከግንዱ የተንጠለጠለበት ቦታ ተሰንጥቋል?»

«ዛሬ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎን ተያየን።

«እንዳትነኪው» አለ በመጨረሻ። «ነገ ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ።»

ኦይዲን እኔን አቅፋ ዘለለች። በዚህ ጉልበቴ እኔም አብሬ የዘለልኩ ይመስለኛል።

በማግስቱ ቤቱ ተገለበጠ። ሳጊምባይ የሚታረድ በግ መረጠ፣ ኦይዲን ምንጣፉን ሁሉ ደጅ አውጥታ በዱላ ትደበድባለች፣ እኔ ሊጥ እየጠበስኩ ነው። ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን አይጃማል አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። የመጀመሪያዋን ልጅ ያረገዘች ልጅ እግር ናት። አማቷ የሰጠቻት ምግብ ሁሉ አልረጋ ብሏት የግድግዳ ጭቃ እየፋቀች ትልሳለች ተብሎ ሰምተናል። አፍንጫዋን ወደ ደቡቡ ግድግዳ አዙራ ዓይኗን ጨፍናለች።

«እማማ ዙራካን፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ሳሙና ነው» አልኳት።

እኛ ጋ ነፍሰ ጡር ያማራትን መከልከል ትልቅ ነውር ነው። ይህንን ለስንት ሙሽራ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ግን አንድ ሜሎን ብቻ ነበረን፣ ባለቤቱም መንገድ ላይ ነበር።

«ሳሙና እንዲህ ምራቅ ይሞላል?» አለች አይጃማል። አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ ዕንባዋ ሊመጣ ነው። «አፍሬ ነው እንጂ ከትናንት ጀምሮ እዚህ ስመላለስ ነበር።»

ኦይዲን ዱላውን አስቀመጠች። አይጃማልን አየቻት፣ ከዚያ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«እንዳታደርጊው» አልኳት ዝቅ ብዬ። «ዛሬ ማታ ይደርሳል። ቁራጭ ይበቃታል።»

«አምሮት በቁራጭ አይወጣም እማማ» አለችኝና ቢላዋ ልታመጣ ገባች።

ግማሹን ለማስቀረት ሁለታችንም አስበን ነበር። አይጃማል የእንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጣ መብላት ስትጀምር ግን ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ስንት ቀን ያልበላች ልጅ፣ ቀና ሳትል፣ ሳትናገር፣ ማር የመሰለው ጭማቂ በክንዷ እየወረደ ትበላለች። ኦይዲን ትቆርጣለች፣ እሷ ትቀበላለች። እኔ «በቃ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከነፍሰ ጡር አፍ ማን ይነጥቃል? ቅርፊቱ ላይ የቀረውን ነጩን ሳይቀር ግጣ ስትጨርስ ከእንቅልፍ እንደነቃች ሆነች።

«አለቀ?» አለች ደንግጣ።

«አለቀ። ይስማማሽ» አለቻት ኦይዲን።

ፈገግ ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔም ሊጡን አሳረርኩት።

ማማሳዲክ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥልፍ ቆብ ያደረገ፣ ቢላዋው ከወገቡ የማይለይ ሰው ነው። ልጁን አቅፎ ብዙ ቆየ። የልጅ ልጆቹን ሽቅብ አንስቶ ሳማቸው። ከአጥሩ በር ግን አላለፈም።

«የታለ?» አለ።

«አማቼ፣ መጀመሪያ ገብተው ሻይ…» አለ ሳጊምባይ።

«ሜሎኑ የታለ?»

ኦይዲን ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «ጎረቤታችን ነፍሰ ጡር ናት። ሽታው አማራት፤ ሰጠኋት። ጨረሰችው አባዬ» አለች።

እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር።

«ጣፈጣት?» አለ ማማሳዲክ።

«ቅርፊቱን ጋጠችው» አልኩ እኔ።

«ደግ አደረግሽ» አላት ልጁን። «ማሳ ላይም ነፍሰ ጡር ከመጣች ባለማሳው ቆሞ እሷ ናት የምትበላ። ያሳደግሁሽ እንዲህ ነው።» ከዚያ መሬት መሬት አየ። «እኔ ግን አልቀመስኩም። እህል ይዤ ምያለሁ፤ የአገሬ ሽማግሌ ሁሉ ሰምቷል። ቆሜ ሻይ ልጠጣና ልመለስ።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት፤ አማች መሆኑም እንግዳ መሆኑም ጠፋብኝ። «ከሱዛክ እዚህ ድረስ አቧራ የጠጣኸው ደጅ ላይ ሻይ ልትጠጣ ነው? ልብ ነው ወይስ የሜሎን ዘር ነው እዚያ ደረትህ ውስጥ ያለው?»

«እህቴ፣ ስድቡን አልጠላሁትም» አለኝ። «እስቲ ተክሉን ልየው። ግቢ ጣሪያ የለውም።»

ግድግዳው ስር ተንበረከከ። አፈሩን በጣቱ ቆፍሮ አሸተተ፣ ፋንድያውን አየ፣ የበግ ጠጉሩን ልባስ ዳበሰ። «ይሄን እኛ አናውቀውም» አለ ለራሱ። ከዚያ ከግድግዳው ጋር የተጣበቁትን ቅጠሎች ገለጥ ሲያደርግ እጁ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ቅጠሉ ውስጥ፣ በበግ ቆዳ ቁራጭ ተሸፍኖ፣ ቡጢ የሚያህል አረንጓዴ ሜሎን ተኝቷል።

«እኔ ሁሉንም ቆርጬ ጥያለሁ!» አለች ኦይዲን። «ለአንድ ግንድ አንድ ፍሬ ብዬ፣ የቀረውን በጨቅላነቱ ነው የቀጨሁት።»

ሳጊምባይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም ዞረን አየነው።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለ ፊቱ ቀልቶ። «በግ መንታ ስትወልድ ደካማውን እንጥለዋለን እንዴ? በጡጦ እናሳድገዋለን እንጂ! ልትቆርጫቸው ስትነሺ ለዚህኛው አንጀቴ አልቻለም። ሸፈንኩት።»

«ምን እያጠጣህ?» አለ ማማሳዲክ።

«ውኃ ነዋ።» ትንሽ ቆየና፣ «አንዳንዴ አጓት» አለ።

ማማሳዲክ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ ሰውየውን ወደድኩት፤ ይህን መደበቅ አልችልም። «አማቼ፣ ይሄ ሌባ እኮ የታላቁን ጉልበት ሲመጥ ነው የከረመው! ሱዛክ ብትሆን ከማሳዬ አባርርህ ነበር» አለው። ፍሬውን በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። ሰማዩን ቀና ብሎ አየ፣ ተራራውን አየ። ኦይዲን እስትንፋሷን ይዛለች።

«ካባዬን ከመኪናው አውጡልኝ» አለ። «እዚሁ እሰነብታለሁ።»

የት ይተኛ? ጣሪያ ስር አይገባም። ሳጊምባይ የግጦሽ ድንኳናችንን ግቢው መሃል ተከለለት። «ጣሪያ የለውም» አለው፤ «አናቱ ክፍት ነው፣ ሰማይ ይታያል።» ማማሳዲክ ድንኳኑን ዞሮ ዞሮ አየው፣ ገብቶ ሽቅብ አንጋጠጠ፣ ጭስ መውጫው ላይ ደመና አየ። «እውነት ነው፣ ይሄ ቤት አይደለም» ብሎ ፈረደ። አንዱ ልባስ ሜሎኑ ላይ ስለነበር ድንኳኑ በአንድ ጎን ክፍት ቀረ፤ እዚያ ላይ የኦይዲንን የሐር ፍራሽ ሰቀልንበት።

እንዲህ ያለ ጊዜ ቤታችን አይቶ አያውቅም። በሱዛክ የሜሎን መሰብሰቢያ ወቅት ነው፤ ሰው ሁሉ ላቡን በሚያፈስበት ሰዓት የመንደሩ ባለሜሎን እኛ ግቢ አንድ አረንጓዴ ኳስ ፊት ተቀምጦ ይውላል። ልጆቹ ሲደውሉለት፣ «ራሳችሁ ሰብስቡት፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ይላቸዋል። ፍሬውን ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጠው፣ ጥላ የሚጥልበትን ቅጠል አነሳለት፣ ቀን ላይ ፀሐይዋን እየተከተለ ያዞረዋል። ሳጊምባይ የኮመጠጠ የፈረስ ወተት ያመጣለታል፤ እሱ ፊቱን አጨማዶ፣ «ይሄን ጠጥታችሁ ነው ሜሎን የማይበቅልላችሁ» እያለ ይጠጣል። አይጃማል በአፍረት አንገቷን ደፍታ በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ ታመጣለታለች። «ሆድሽ ውስጥ ያለው ከእኔ ቀድሞ የቀመሰ ነው፤ ሲወለድ ይከፍለኛል» ይላታል።

ኦይዲን ደግሞ ሻይ ይዛ ትወጣና አጠገቡ ትቀመጣለች። ስለ ምን እንደሚያወሩ አልሰማሁም፤ ለመስማት ግን ሞክሬያለሁ። አንዳንዴ ጭራሽ አያወሩም። ልጆቹ ጀርባው ላይ ይወጣሉ። እኔ ከመስኮት እያየሁ፣ ሰውየው እዚሁ ይቆይልን እንጂ ሜሎኑ ባይበስል ምን አለበት እል ነበር።

መስከረም ሲገባ ግን ብርዱ ጥርስ አወጣ። ማማሳዲክ ማሳል ጀመረ። እኔና ኦይዲን ምድጃው ዳር ቁጭ ብለን ሳሉን እንሰማለን። እሷ ሳሉ በተሰማ ቁጥር እጇ ይቆማል።

«ደስ ብሎኛል እማማ፤ ውሸት አልናገርም» አለችኝ። «ግን ደጄ ድረስ መጥቶ ደጄ ላይ ቀረ። ልጆቼ ሲተኙ አላያቸውም። ነገ ሲሄድ የሚያስታውሰው ግድግዳውን ከውጭ ነው።»

ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርኩ።

አንድ ቀን ስንነሳ ተራራው እስከ እግሩ ነጭ ሆኗል። ኤርኒስ ከካዛርማን ግሬደሩን እየነዳ መጣና አማቱ ፊት ቆመ። «አባባ፣ በረዶው መተላለፊያውን ሊዘጋው ነው። ነገ ካልወረዱ እስከሚቀጥለው በጋ መንገድ የለም» አለው። ማማሳዲክ ሄዶ ሜሎኑ አጠገብ ተንበረከከ። አነሳው፣ አሸተተው። እንደገና አሸተተው። ከዚያ ቢላዋውን አውጥቶ ግንዱን ቆረጠ።

«ኑ፤ ድንኳኑ ውስጥ ተሰብሰቡ» አለን።

ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሜሎኑ ከፊቱ ጨርቅ ላይ ነው፤ አድጓል፣ ግን ገና አረንጓዴ ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ነካ አድርጎታል። በአላህ ስም ብሎ ሰነጠቀው። ምንም ሽታ አልወጣም። ውስጡ ነጭ፣ ዘሩ ለስላሳ፣ ሥጋው ቢላዋው ስር ጥርት ብሎ የሚጮህ ነበር። እኔ ሜሎን አላውቅም፤ ይህንን ግን አወቅሁ። ኦይዲን ደግሞ የባለሜሎን ልጅ ናት፤ ገና ድምፁን ስትሰማ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ለእያንዳንዳችን ቆርጦ ሰጠን፤ የራሱን ግን ቀድሞ አፉ ውስጥ አደረገ። ቀስ ብሎ አኘከ። ድንኳኑ ውስጥ የማኘኩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ይህ ሰው ለገዢ ሳይቀር «ይሄ አልደረሰም፣ አልሸጥልህም» እያለ ገበያ የሚጣላ፣ በሱዛክ ሁሉ ምላሱ እንደ ዳኛ የሚታመን ሰው ነው። ዋጠ። አፉን በእጁ ጠረገ።

«በስሏል» አለ።

ሳጊምባይ የእሱን ነክሶ ቅንድቡን አነሳ። «አማቼ፣ ይሄ እኮ ኪያ…» ሲል ጭኑን በጥፍሬ ቆነጠጥኩት።

«ማር ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ማር! ሳጊምባይ፣ ማር አይደለም?»

«ማር ነው» አለ ሳጊምባይ ጭኑን እያሸ።

ኦይዲን ቁራጯን ይዛ አባቷን ታያለች። እሱም ያያታል። ሁለቱም እዚያ ጨርቅ ላይ ምን እንዳለ ከሁላችን አብልጠው ያውቃሉ። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «በስሏል አልኩ አይደል? እኔ ካልኩ ማን ይከራከረኛል? ሱዛክ ላይም ይህንኑ ነው የምናገረው፤ የአትባሺ ሜሎን በስሏል።» ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። «በይ ተነሺ። ቤትሽን አሳይኝ።»

ደፉ ላይ ጫማውን አወለቀ። ለመግባት ጎንበስ ሲል ቆቡ የበሩን መቃን ነካ። ኦይዲን ከፊቱ ከፊቱ ትሄዳለች፤ ይሄ ሻይ የማፈላበት ነው አባዬ፣ እዚህ የልጆቹ አልጋ ነው፣ ይሄ ደግሞ እርስዎ ስልክ ሲደውሉ የምቀመጥበት ነው ትለዋለች። እሱ አልጋዎቹ ላይ ያሉትን ብርድ ልብሶች አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሳቸው። ወደ ግድግዳው ሄዶ መዳፉን ለጥፎ ቆመ፣ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው።

«ይሞቃል» አለ።

«አዎ አባዬ» አለችው። «ክረምቱንም እንዲሁ ነው።»

ራሱን ነቀነቀና የልጆቹ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሻይ ልጥድ ሄድኩ።